አገር ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የእስረኛው ዕጣ

ነቢዩ ኤርምያስን ከጭቃው ጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ መሆኑን መጽሐፍ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ነቢዩ ከጕድጓዱ ወጣ እንጂ ከእስራቱ አልወጣም ነበር፤ ኢየሩሳሌም እስክትያዝ ድረስ በዘበኞች አደባባይ ተዘግቶበት ተቀመጠ። ክሱም ሕዝቡን ለባቢሎን ንጉሥ እጃችሁን ስጡ እያለ የወታደሩን ልብ አደከመ የሚል ነበር። ከተማዪቱ በወደቀች ጊዜ የባቢሎን ጭፍሮች አለቃ ናቡዘረዳን ሰንሰለቱን ፈታለት፤ ወደ ባቢሎን መሄዱንም በአገሩ መቀመጡንም ለራሱ ፈቃድ ተወለት። ያሰረው ንጉሥ ሴዴቅያስ ግን ዐይኑ ጠፍቶ በናስ ሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። ይህ ሁሉ ሲሆን የነቢዩን ክስ እንደገና የመረመረ ዳኛ አልነበረም። ትናንት ወንጀል የነበረው ነገር ዛሬ ምስጋና የሆነው አገሪቱ ጌታ ስለ ለወጠች ብቻ ነው።

አንድ መንግሥት ከአንድ አገር ሲወጣ ግምጃ ቤቱን ያስጭናል፥ መዝገቡን ያቃጥላል ወይም ይዞ ይሄዳል፥ ሹማምንቱንም ያሸሻል። ወህኒ ቤቱ ግን ከነሰዎቹ ከስፍራው ይቀራል። ገበሬው ጦር ሲመጣ ወደ ጫካ ይገባል፥ ነጋዴው ወደ ሌላ ገበያ ይሻገራል፤ ወዴት ልሂድ ብሎ ሊመርጥ የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እርሱ በእግር ብረት ያለው ነው። አዲሱ ባለ ሥልጣንም ከወህኒው ደጃፍ ቆሞ፥ ይህ ሰው በማን ሕግ ታሰረ፥ ፍርዱስ ይጸናልን፥ ብሎ ሊጠይቅ ይገባው ነበር። ከዚህም በፊት የምትመጣ ሌላ ጥያቄ አለች፤ ይኸውም እስረኛው ጠላት ነውን ወይስ ዜጋ? የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ሰው የዳነውም የጠፋውም በዚህች በመጨረሻዪቱ ጥያቄ መልስ ነው።

የቀደሙት መጻሕፍት ስለ ምርኮኛ ዝም አላሉም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ባሮች ነጻ መውጣት በሚናገርበት አንቀጽ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ እንደ ሆነ ያስቀድማል፤ ቀጥሎም የጦርነትና የድል ሕግ የተሸነፈውን ለአሸናፊው ባሪያ እንደሚያደርገው ይናገራል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም ከመልካም ሥራ ይቈጥረዋል። ሁለቱ ቃሎች በአንድ ስፍራ መቀመጣቸው ብዙ ሊቃውንትን አከራክሯል። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ይገኛል። የእስራኤል ጭፍሮች ከይሁዳ ብዙ ምርኮ ይዘው ወደ ሰማርያ ሲመለሱ ነቢዩ ዖዴድ ወጥቶ ገሠጻቸው፤ እነርሱም የተራቈቱትን አልብሰው፥ ጫማ አድርገውላቸው፥ አብልተውና አጠጥተው፥ የደከሙትን በአህያ ጭነው፥ እስከ ኢያሪኮ ድረስ አድርሰው ለወንድሞቻቸው ሰጡአቸው። ከምርኮኛ ጋራ በተያያዘ ነገር ስለ ጫማ የተጻፈው ይህ ቃል ኋላ እንደገና ያስፈልጋል።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል በሆነ ጊዜ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ የገባው ምርኮኛ ሁለት ወገን ነበረ። አንደኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣው የኢጣልያ ወታደር ነው፤ ቍጥሩም 1,900 ያህል ሲሆን ጄኔራል አልቤርቶኔ ከነዚሁ አንዱ ነበር። ሁለተኛው በኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የተዋጋው የአገር ተወላጅ አስካሪ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ጦር ምርኮኛ ቈጠሩአቸው። ከትግራይ እስከ ሸዋ ያለው መንገድ ረጅም ነውና ከቍስልና ከድካም የተነሣ ብዙ መከራ አዩ፤ ሸዋ ከደረሱ በኋላ ግን በየመኳንንቱ ቤት ተደልድለው ቀለብ ተሰጣቸው፥ የእጅ ሥራ የሚያውቁትም በሥራቸው ተቀመጡ። ከሩስያ የመጡ የቀይ መስቀል ሐኪሞችም በአዲስ አበባ ቍስለኞችን አከሙ። በ1888 ዓ.ም. የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ የግብጽ ካቶሊካውያንን ጳጳስ አባ ቄርሎስ መቃርዮስን ደብዳቤ አስይዘው ላኩ፤ ምርኮኞቹን ስለ ክርስቶስ ብለው ይልቀቁልኝ የሚል ልመና ነበር። መልእክተኛው በክብር ተቀበሉት። ነገር ግን በዚያው ወራት የኢጣልያ መርከቦች ለኢትዮጵያ መሣሪያ የጫነችውን ዱልዊክ የምትባል የሆላንድ መርከብ በቀይ ባሕር ያዙአት፤ ዐፄ ምኒልክም በመልሳቸው የሊቀ ጳጳሳቱን ፈቃድ ለመፈጸም ልባቸው ተነሥቶ እንደ ነበረና የኢጣልያ መንግሥት አድራጎት እንደ ከለከላቸው አስታወቁ። እዚህ ላይ ምርኮኛው መያዣ ሆነ ማለት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይህን ነገር በዝምታ ማለፍ ይወዳሉ፤ ሆኖም ሰላም ባልተፈረመበት ጊዜ ሁለት ሺህ ያህል ወታደር ለጠላት መመለስን የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ነገሥታትም ቢሆኑ በቀላሉ የሚያደርጉት አልነበረም።

ሰላሙ በጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተፈረመ፤ ስለ ኢጣልያ በኩል የቆመውም ሐኪሙ ኔራዚኒ ነበር። በዚያው ቀን ስለ ምርኮኞች ብቻ የተጻፈ ሌላ ስምምነት ታተመ። በእርሱም መሠረት ምርኮኞቹ ነጻ እንደ ሆኑ ተነገረ፤ በሐረር እንዲሰበሰቡ፥ የኢጣልያ ቀይ መስቀል ሰዎችም እስከ ጅልዴሳ ድረስ መጥተው እንዲቀበሉአቸው ተወሰነ። ለቀለባቸው የወጣውን ገንዘብ ስለ መመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ቍርጥ ዋጋ አልጠየቁም፤ ነገሩን ለኢጣልያ መንግሥት ርትዕ ተዉት። ይህ አነጋገር በዲፕሎማሲ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም ቅኔ የሚያውቅ ሰው ወርቁን አያጣውም፤ ተሸናፊውን ዕዳህን ራስህ ገምት ማለት ነውና።

የሁለተኛው ወገን ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከተማረኩት አስካሪዎች 800 ያህሉ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቈረጡ። ይህ ቅጣት በዚያ ዘመን በንጉሡ ላይ ለሸፈተ ሰው የተለመደ ነበረ፤ የተፈረደባቸውም እንደ ተማረከ ወታደር ሳይሆን ጌታውን እንደ ከዳ ዜጋ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ከዐድዋ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ በጥር 1888 ዓ.ም.፥ በመቀሌ ምሽግ የተከበበውን የሻለቃ ጋልያኖን ጦር ከነመሣሪያው ለቀውት ነበር። እንግዲህ በአስካሪዎቹ ላይ የወረደው ነገር ከጭካኔ ይልቅ ከፍርድ የመነጨ ነው፤ ስለዚህም የፍርዱን መሠረት መመርመር ተገቢ ነው።

መሠረቱ ሰዎቹ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ዜጎች ናቸው የሚል ነው። ከእነርሱ መካከል ከመረብ ማዶ የነበረው ሰው ብዙ ነው። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አስመራን፥ ሰገነይቲንና ሐላይን በኢጣልያ ወሰን ውስጥ አግብቶአቸው ነበር። ውሉን ግን ዐፄ ምኒልክ በ17ኛው አንቀጽ የተነሣ በ1885 ዓ.ም. እንደማይቀበሉት ለአውሮፓ መንግሥታት አስታውቀዋል። ስለዚህ በኢጣልያ ዐይን አስካሪው የቅኝ አገር ወታደር ነው፤ በኢትዮጵያ ዐይን ከሃዲ ነው። እርሱ ራሱ ማንን እንደ ጌታው ይቈጥር እንደ ነበረ የጠየቀው የለም። የክፉ ቀን ረኃብ በተባለው ዘመን፥ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱ በአልቆበት፥ እርሻውም በጠፋበት አገር፥ የአስካሪነት ደመወዝ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኖ እንደ ነበረም መዘንጋት አይገባም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በጥቅምት የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል አፈረሰ፤ ቍርጥ ወሰን እስኪደረግ ድረስ ግን በመረብ፥ በበለሳና በሙና ወንዞች ያለው መስመር እንዳለ እንዲቈይ አደረገ። በሐምሌ 3 ቀን 1892 ዓ.ም. የተፈረመው ሌላ ውል ያንኑ መስመር ቋሚ ወሰን አድርጎ አጸደቀው። እንግዲህ በየካቲት ወር የኢትዮጵያ ዜጋ ሆኖ በክሕደት የተፈረደበት ሰው በጥቅምት ወር በውል የኢጣልያ ተገዢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በስምንት ወር ውስጥ የፍርዱ መሠረት ተነሣ፤ የተቈረጠው እጅና እግር ግን ከውሉ ጋራ የሚታደስ አልነበረም። ስለ ምርኮኞች የተጻፈው ስምምነት ስለ ኢጣልያውያኑ ነው፤ እነዚህ ግን ከልመና ደጃፍ ቀሩ፥ አንዳንዶቹም ከኢጣልያ መንግሥት ጥቂት ጡረታና የእንጨት እግር አገኙ።

ከሰሜኑ ወሰን ወደ ምዕራቡ ሲመለሱ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከዓባይ በስተ ደቡብ በቆላው ያለችው ካማሺ የጉሙዝ ሕዝብ አገር ናት፤ ከርስዋም ወደ ምዕራብ አሶሳ፥ ቤላ ሻንጉልና ሖሞሻ እስከ ሱዳን ጠረፍ ይደርሳሉ። ይህ ምድር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጌታ አይቶአል። የግብጽ ቱርኮች ወርቁን ፈልገው መጡ፤ ከእነርሱ በኋላ የመሐዲው ደርቡሾች ገቡ፤ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ራስ መኰንን በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ዘምተው ሼኾቹን አስገበሩ። እንግሊዞችም በዚያው ዓመት ወደ ኦምዱርማን እየገሠገሡ ነበርና ወሰኑ የቀደመ ሰው የሚይዘው ነበር።

በዚህ ዘመን ከነበሩት ሼኾች ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ናቸው። ከዘመቻው በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ በግዞት ተቀምጠው ነበር፤ በኋላም ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፥ የቤላ ሻንጉል ገዢነትም ጸናላቸው፥ ግብራቸውንም በወርቅ ይከፍሉ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በጉለሌ በኩል ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው፤ ሼኽ ኾጀሌ የሚለው ስም በከተማው ሰው አፍ እየተሸራረፈ ሸጎሌ ሆነ። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው የአንድ የጠረፍ ገዢን ስም እንደሚጠራ ሳያስተውል ይጠራዋል።

የሼኹ እስራት ከአስካሪዎቹ ፍርድ ጋራ የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም ነገር አለ። እርሳቸው በተያዙ ጊዜ ቤላ ሻንጉል የማን እንደ ሆነ የሚናገር ውል ገና አልነበረም። ውሉ የመጣው በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው፤ በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዙ መልእክተኛ በሐሪንግተን መካከል የተፈረመ ሲሆን፥ በሚቀጥለው ዓመት ሻለቃ ግዊን የተባለው መኰንን በምድሩ ላይ ምልክት አደረገበት። ውሉ ስለ ወሰኑ መስመር ይናገራል፤ ስለ ዓባይ፥ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ሶባት ውሃ ይናገራል፤ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ስለሚሰጥ ስፍራ ይናገራል፤ ስለ ባቡር ሐዲድ ይናገራል። ስለ ሰው ግን፥ ይልቁንም በወዲህም በወዲያም በምርኮ ስላለው ሰው፥ አንድም አንቀጽ የለበትም። መስመሩ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ቢያልፍ ኖሮ ሼኹ በአዲስ አበባ የታሰሩ የባዕድ መንግሥት ተገዢ በሆኑ ነበር፤ የእንግሊዝም ቆንሲል ስለ እርሳቸው ደብዳቤ በጻፈ ነበር። ቤላ ሻንጉል ለኢትዮጵያ ስለ ቀረ ግን እስራታቸው ንጉሥ በሹሙ ላይ ያደረገው ተግሣጽ ሆኖ አለፈ።

ስለ ጉሙዝ ሰው ደግሞ የሚነገረው ከዚህ ይመራል። በካማሺና በአካባቢዋ ቆላ የኖረው ሕዝብ ከደጋው በሚወርድ ዘማችም፥ ከምዕራብ በሚመጣ ነጋዴም ለብዙ ዘመን ሲፈነገልና ሲሸጥ ኖሮአል። የዚህ ሰው ምርኮ ጦር ተከፍቶ ጦር የተዘጋበት ቀን የለውም፤ ስለዚህ ሰላም ሲፈረም የሚፈታ ምርኮኛ አልተባለም። ከአሶሳ ወገን የወሰኑን መስመር አምልጦ የተሻገረ ባሪያ ግን በሱዳን በኩል ነጻ ይባል ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው የሰፈሩባቸው መንደሮችም በፉንጅ አውራጃ ነበሩ። የሼኽ ኾጀሌ ሚስት ሲት አምና በዚሁ ንግድ ምክንያት በ1920 ዓ.ም. በሱዳን መንግሥት እጅ ተይዛለች። በአንዱ ወገን የጌታ ሀብት የነበረው ሰው በሌላው ወገን ባለ መብት ሆነ፤ በአንዱ ወገን እመቤት የነበረችው በሌላው ወገን እስረኛ ሆነች። በኢትዮጵያ የባርነት ሕጋዊነት ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው።

አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ የዐድዋው ጥያቄ ተገልብጦ መጣ። የኢጣልያ ጦር በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በአራተኛው ቀን፥ ግንቦት 1 ቀን፥ ሙሶሊኒ በሮማ ሰገነት ቆሞ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት ሆነች ብሎ ዐወጀ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ምዕራብ በዚያ ቀን ገና የጠላት እግር አልረገጠውም ነበር፤ በጎሬ የኢትዮጵያ መንግሥት ይሠራ ነበር፥ በነቀምትም የጥቁር አንበሳ ማኅበር ይደራጅ ነበር። ዐዋጁ ግን አንድ ሥራ ሠራ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአገሩ የሚዋጋ ኢትዮጵያዊ በኢጣልያ ሕግ ጠላት ወታደር መሆኑ ቀረና በገዛ ንጉሡ ላይ የተነሣ ወንበዴ ተባለ። በግንቦት 28 ቀን ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ በቴሌግራም የሰጠው ትእዛዝ ይህንኑ የሚከተል ነው፤ ከሽፍቶቹ ወገን የሚማረከው ሁሉ በጥይት እንዲገደል የሚል ነበር።

የዐዋጁ ፍሬ ወዲያው ታየ። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ ወር በአዲስ አበባ አደባባይ ተረሸኑ። የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ። ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት 17 ቀን ተይዘው በዚያው ቀን ተረሸኑ። ከእነዚህ አንዱም ሕግ ያለበት ሰይፍ አላገኘውም፤ የተገደሉት ለወታደር የሚገባው ስም ስለ ተነፈጋቸው ነው። ከየካቲት 12ቱ ነገር በኋላ ደግሞ ጦር ያልያዘውም ሁሉ በዚሁ ሚዛን ተመዘነ፤ በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አለቁ። በሕይወት የተያዙት በዳህላክ ወገን ወደ ኖኩራ ደሴት፥ በሶማልያ ወደ ዳናኔ፥ ባሕር አሻግረውም ወደ አዚናራ ተጋዙ። በዳናኔ ከረኃብና ከበሽታ የተነሣ የሞተው ሰው ቍጥር እጅግ ብዙ ነው።

ከምዕራቡ ጦር መሪዎች ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ከሞት ተርፈው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣኑ ተሽሮ ወደዚያችው ደሴት ተጋዘ፤ ያስቀመጡትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት እንደ ነበረ ይነገራል። ራስ እምሩ በ1936 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ግዛቱ እንደገና ወደ ባለቤቱ መመለስ ሲጀምር በቤላ ሻንጉል በኩል የገባው ጦር ከማንም ያልተጠበቀ ነበረ። ቤልጅግ ራስዋ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ከኮንጎ ቅኝ አገርዋ የተላከው የኮንጎ ወታደር፥ ሱዳንን ተሻግሮ፥ በመጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ያዘ። ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ ጋምቤላን ወሰደ፥ ወደ ደምቢ ዶሎም፥ በዚያን ጊዜ ስሟ ሳዮ ወደምትባለው፥ ወጣ። በሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራ ከብዙ ጄኔራሎችና መኰንኖች ጋራ ለቤልጅጉ ጄኔራል ለዢልያር እጁን ሰጠ። ስንቅ ያለቀበትና በበሽታ የተጎዳ ጦር ነበረና ለብዙው ወታደር ምርኮ መዳኛው ሆነለት። በገዛ አገሩ የፈረንጅ ተገዢ የሆነው የኮንጎ ሰው ፈረንጅን ማርኮ መጠበቁ በዚያ ዘመን ለተመለከተው ሁሉ እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም።

አሶሳ እንግዲህ በአምስት ዓመት ውስጥ ከኢትዮጵያ ወደ ኢጣልያ፥ ከኢጣልያ ወደ ቤልጅግና እንግሊዝ ጦር፥ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ተላለፈች። በመላው አገር የወህኒው በር የተከፈተው እንደ ኤርምያስ ዘመን ነው፤ መቃዲሾ በየካቲት 1933 ዓ.ም.፥ ምጽዋም በመጋቢት መጨረሻ በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቁ የዳናኔና የኖኩራ እስረኛ ያለ ዳኛ ተፈታ፤ የእስረኛውም ጠባቂ በተራው በሽቦ ውስጥ ገባ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ኢጣልያውያኑም አልታረዱም። በጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ የተደረገው ስምምነትና ከርሱ ጋራ የተፈረመው የጦር ውል የኢጣልያን የጦር ምርኮኞች ነገር ለእንግሊዝ ጦር ሥልጣን ሰጠ።

ከዐድዋ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ የሚያስደስተው ግን የአስካሪው ነገር ነው። ከመረብ ማዶ የመጣው አስካሪ በዚህም ጦርነት በኢጣልያ ሰልፍ ውስጥ ነበረ፤ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮም በኢትዮጵያ ላይ ተዋግቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከሱዳን ሳሉ በአውሮፕላን በሚበተን ወረቀት ወንድሞቼ ብለው ጠሩት፥ ብዙውም ከድቶ መጣ። በ1888 ዓ.ም. በአባቱ ላይ ክስ የሆነው የኢትዮጵያ ዜግነት በ1933 ዓ.ም. ለልጁ ምሕረት ሆነለት። አንዱ ቃል ነው፤ የተነበበበት ልብ ተለየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሌላው ዓለምም ከዚህ የከፋ ታይቶ ነበርና፥ በነሐሴ 6 ቀን 1941 ዓ.ም. በዤኔቭ ከተማ አራት ውሎች ተፈረሙ። ሦስተኛው ስለ ጦር ምርኮኞች፥ አራተኛው በጦርነት ጊዜ ስለ ሰላማዊ ሕዝብ ነው። ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ አጸደቀቻቸው። ከእነዚህ አንቀጾች ዝነኛ ያልሆነ አንድ አለ፤ በአራተኛው ውል 77ኛው ነው። በተያዘ አገር ውስጥ በያዡ መንግሥት ዳኞች የተከሰሱ ወይም የተፈረደባቸው ሰዎች ያዡ ሲወጣ ከነመዝገባቸው ነጻ ለወጣው አገር ባለ ሥልጣን ይሰጡ ይላል። ከነመዝገባቸው የሚለው ቃል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መዝገቡ ከጠፋ ነፍሰ ገዳዩና በግፍ የታሰረው አንድ ይሆናሉ፤ ወይ ሁለቱም ይፈታሉ፥ ወይ ሁለቱም ይረሳሉ። ናቡዘረዳን ኤርምያስን ለይቶ የፈታው ስለ እርሱ አስቀድሞ የሰማው ነገር ስለ ነበረ ነው፤ ስሙ ወደ አለቃ ጆሮ ያልደረሰ እስረኛ መዝገብ ከሌለው ማን ይለየዋል? ያው ውል በ76ኛው አንቀጽ የተያዘው አገር ሰው በዚያው በአገሩ ይታሰር እንጂ ወደ ያዡ አገር እንዳይወሰድ ከልክሏል። በ1929 ዓ.ም. ይህ ቃል ቢኖርና ቢከበር ኖሮ ወደ አዚናራ የተጫነ ሰው ባልኖረ ነበር። የሦስተኛው ውል 118ኛ አንቀጽ ደግሞ ውጊያው ሲያበቃ ምርኮኞች ሳይዘገዩ ተፈትተው ወደ አገራቸው ይመለሱ ይላል፤ የሰላም ውል እስኪፈረም መጠበቅ የለም። ይህ ከአባ ቄርሎስ መቃርዮስ ልመና ጋራ የተስማማ ነው፤ የመጣው ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

ጽሑፉ መልካም ነው፤ ፈተናው በዚያው በመረብ ወንዝ መጣ። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ባድመና ሌሎችም ስፍራዎች ከእጅ ወደ እጅ አለፉ፥ ብዙ ሺህ ሰውም ሞተ። በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የተፈረመው ስምምነት ምርኮኞች ሁሉ ሳይዘገዩ እንዲፈቱ አዘዘ፤ ስለ ጉዳት ካሣ የሚፈርድ ኮሚሽንም አቆመ። በኢትዮጵያ እጅ የቀሩት የመጨረሻዎቹ የኤርትራ ምርኮኞች የተመለሱት በኅዳር 1995 ዓ.ም. ነው።

ኮሚሽኑ ስለ ጦር ምርኮኞች ፍርዱን በሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ሰጠ። ሁለቱንም ወገኖች ወቀሰ። ኤርትራ የቀይ መስቀል መልእክተኞች እስከ ነሐሴ 1992 ዓ.ም. ድረስ ምርኮኞቹን እንዳይጐበኙ በመከልከልዋና በሰፈሮቹ ውስጥ ይደረግ ስለ ነበረው ድብደባ ተፈረደባት። ኢትዮጵያም ምርኮኞቹን በመጨረሻ ስትመልስ ስላዘገየችና በግድ የፖለቲካ ትምህርት ስላስተማረቻቸው ተፈረደባት። በዚሁ ፍርድ ውስጥ ሌላም ጥፋት ተጽፎአል፤ ምርኮኞቹ ጫማቸው ተወስዶ ከጦር ሜዳው ረጅሙን መንገድ በባዶ እግራቸው እንዲሄዱ ተደርገዋል።